ሦስትና አራት አምስት ሲሆኑ
(በማኅበራችን የሳይንስ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የምነግራችሁ ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበልኝ። አንድ የ1 ማይክሮ ኩሎምብ ቻርጅ አለ፤ ከእርሱ በስተ ምዕራብ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የ3፥ በስተ ደቡብም በዚያው ርቀት የ4 ማይክሮ ኩሎምብ ቻርጆች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፖዘቲቭ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል ስንት ነው?

ፈረንሳዊው ኩሎምብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ባሳየው ሕግ መሠረት፥ ቻርጆቹን አባዝቼ በርቀቱ ስኩዌር አካፍዬ፥ በ9 ቢሊዮን ባባዛው 0.3 እና 0.4 ኒውተን አገኘሁ። እስከዚህ ደኅና ነበር። ከዚያ ደምሬ 0.7 ብዬ ጻፍሁና ዜሮ ተሰጠኝ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ ቀመሩን በቃሌ እንዳጠና ብቻ ታዘዝሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለው አገሬ፥ በደቦ ላይ ነው። አጎቴ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲያስጎትት አንዱ ወገን ወደ ምሥራቅ፥ ሌላው ወደ ሰሜን ገመዱን ሳበ። ግንዱ ለሁለቱም አልታዘዘም፤ በመካከል ሄደ፥ ያውም እየተንፏቀቀ። አጎቴ ተቆጥቶ «ምን ያራርቃችኋል? ተጠጉ!» ቢላቸው፥ ገመዶቹ ሲቀራረቡ ግንዱ ፈጠነ። እርሱ ፊደል አልቆጠረም።

እንግዲህ ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። ወደ ምሥራቅ 3 ሳንቲ ሜትር ቀስት ሳሉ፤ ከጫፉ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን 4 ሳሉ፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢለካ 5 ነው። መልሱም 0.5 ኒውተን፥ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 53 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ። 0.7 የሚሆነው ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ቢገፉ ነው፤ ፊት ለፊት ቢገፋፉ ግን 0.1 ብቻ።

የደቡቡ ቻርጅ ኔጌቲቭ ቢሆንሳ? ብዙዎቻችን የመቀነስን ምልክት ከቀመሩ ውስጥ ከትተን እንሳሳታለን። ምልክቱ አቅጣጫውን ይነግረናል እንጂ መጠኑን አይቀንስም፤ ቻርጁ ወደ ደቡብ ይስባል፥ ድምሩ እንደገና 0.5 ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። የምዕራቡ ቻርጅ 0.3 ግን በጎረቤቱ ምክንያት አይለወጥም።

ምሳሌው ጉድለት አለበት፤ ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፥ ግንድም ከመሬት ጋር ይፋተጋል። ቢሆንም ከእኛ ብዙዎች ነገ አስተማሪዎች ነን፤ ለገበሬ ልጅ ከቀመሩ በፊት ገመዱ ይቅደምለት እላለሁ።

ሁለት ገመድና አንድ አግዳሚ ወንበር አምጥቻለሁ። አራት ሰዎች ወደዚህ ብቅ በሉልኝ።