ከማስተማር ወንበር ወደ ተማሪ ወንበር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የተጋበዝነው ሐኪሞች በመሆናችን እንደ ሆነ ይገባናል። ነገር ግን ልናጫውታችሁ የመጣነው ስለ ሐኪምነታችን ሳይሆን፣ ደመወዝ እየበላን፣ ጎጆ ወጥተን፣ ልጅ ወልደን ሳለ እንደገና ደብተር ይዘን ስለ ተቀመጥንበት ዘመን ነው።

እኛ ሦስት ነበርን። አንዳችን ባዮሎጂ፣ አንዳችን ኬሚስትሪ እናስተምር ነበር። ሦስተኛዋ የነርስነት ዲግሪዋን ይዛ በጤና ጣቢያ ታገለግል ነበር። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ስለ ሦስተኛው ኋላ እንነግራችኋለን።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የክረምት ሌሊት ነው። አንዲት ወላድ ልጇን በሰላም ከተገላገለች በኋላ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ይፈሳት ጀመር። መኪና በጭቃው ሊገባ ስላልቻለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ በቃሬዛ ወደ መካነ ሰላም ተሸክመናት ሄድን። እኛ መምህራኑ ከተሸካሚዎቹ መካከል ነበርን፤ ነርሷም ከጎን ከጎን እየሄደች የምትችለውን ታደርግ ነበር። ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ ዐረፈች። በዚያው ሳምንት ስለ ደም ዝውውር አስተምረን፣ የአንድ ዐዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ገደማ መሆኑን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ነበር። ተማሪዎቹም በደብተራቸው ገልብጠውታል። ሰኞ ጧት ክፍል ስንገባ ያ ጽሑፍ ገና አልጠፋም ነበር።

ከዚያ በኋላ በ2004 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር መክፈቱን ሰማን። በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ፣ ከተለመደው ስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ ነበር። ትምህርቱ በ13 ተቋማት ሲጀመር፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆኑ እንደ የካቲት 12 ያሉ ሆስፒታሎች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሐኪሞች ቍጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም ነበርና።

በቤታችን የተነሣው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። «የያዛችሁትን እንጀራ ጥላችሁ ልትማሩ? ይህ እኮ የልጅ ነገር ነው» ተባልን። እናቶቻችን ይህን ሲሉ አልተሳሳቱም፤ የደመወዙን ነገር እነርሱ ያውቁታል። ነገር ግን በአገራችን የሕክምና ታሪክ ወደዚህ ሙያ በቀጥታ መንገድ ያልመጡ ሰዎችም አሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከዚሁ ከወሎ፣ ከመቅደላ፣ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ተወስደው በህንድ አድገው ነው ሕክምና የተማሩት። በወሎ የተወለዱት ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በአሜሪካ ብዙ ዓመት ተምረው በ1927 ዓ.ም. ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሲመረቁ፣ ወዲያው ወደ ኦጋዴን ጦር ግንባር ነው የሄዱት። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የጎንደሩ ነው። በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተምረው በየገጠሩ በጤና መኮንንነት ካገለገሉ በኋላ፣ እንደገና ተማሪ ሆነው ሐኪም የወጡ ብዙ ናቸው። ይህን ለእናቶቻችን ብንነግራቸውም ስለ ጎንደር አልጠየቁንም፤ «የልጆቹን ቀለብ ማን ይሰፍራል?» አሉን እንጂ።

የመግቢያ ፈተናውን አልፈን ስንገባ፣ የክፍል ጓደኞቻችን ሁሉ እንደ እኛው ከሥራ የመጡ ሆነው አገኘናቸው፤ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ መምህር። ነርሶቹ በሽተኛን ያውቃሉ፤ መምህራኑ ሴልን ያውቃሉ። ትምህርቱም አናቶሚው ለብቻ፣ ፊዚዮሎጂው ለብቻ ሆኖ ሳይሆን በአካል ክፍል በአካል ክፍል ተጣምሮ የሚሰጥ ስለ ነበር፣ አንዱ ያለ ሌላው መሄድ አይችልም ነበር። ዓመታት ሙሉ «ጸጥ በሉ» ስንል የኖርን ሰዎች፣ በአንድ ወጣት አስተማሪ ፊት የነርቭ ስም ጠፍቶብን አቀርቅረን ስንቆም የተሰማንን እፍረት መናገር አያስፈልግም። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እየተነሣን፣ ከቤት የተላከልንን በሶ እየበጠበጥን እናጠና ነበር። በሃያ ዓመት ዕድሜ አንድ ጊዜ አንብቦ የሚያዘው ነገር በሠላሳ አምስት ሦስት ጊዜ ይነበባል። ይህን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ረድቶናል። ባላገሩ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ እንደ ሆነ እኛ ከልጅነት እናውቃለን። ከከተማ የመጡት ጓደኞቻችን ወዲያው ወደ ልብ ምርመራ ይሮጡ ነበር። በዚህ ስቀናል፤ ኋላ ግን አስተማሪያችን፣ ልቡ ታሞም እንደዚሁ የሚል ሰው ስላለ ሁለቱንም መርምሩ ብሎ ሳቃችንን አስቆመን።

አሁን ስለ ሦስተኛው እንናገር። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አባቱ ዐረፉና ታናናሾቹን የሚያሳድግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ስሜን አትጥሩ ስላለን አንጠራም፤ ኬሚስትሪ የሚያስተምራችሁ እርሱ ነውና ታውቁታላችሁ። እኛ የደም አሲድና ቤዝ ነገር ሲቸግረን ስልክ የምንደውለው ለእርሱ ነበር። ሲያስረዳን ድምፁ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እርስ በርሳችን ለመተያየት እናፍር ነበር። ዕድሉ ከእኛ ለአንዳችን ደርሶ ቢሆን ኖሮ የምንመለሰው እኛ ነበርን።

ዛሬ በምንሠራበት ሆስፒታል ተረኛ በሆንን ሌሊት መጀመሪያ የምናየው የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰውን ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይደክማልና። መብራት ሲጠፋ ነርሶቹ እኛን ከመጥራታቸው በፊት እኛ እንጠይቃቸዋለን። ለምን እንደዚህ እንደምናበዛው አንዳንዶቹ አያውቁም።

እናንተ ልጆች ስለ መግቢያው ደንብ ጠይቃችሁናል። ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ የዚያን ዓመት ማስታወቂያ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንጂ ከእኛ ትዝታ አትውሰዱት። የተማርንባቸውን መጻሕፍት ግን አምጥተን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስረክበናል። የፊዚዮሎጂው ሽፋን ወልቋል። በባዮኬሚስትሪው ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የኬሚስትሪ መምህራችሁ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እባካችሁ አታጥፉት።