የሆቴል ክፍል አስቀድሞ ስለ መያዝና የተያዘውን ስለ መሰረዝ



ጅማ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ ቡናና ዝባድ ፍለጋ ከሩቅ አገር ይመጣ የነበረው ነጋዴ ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን የመሸበት ሰው በደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም አያሳፍረውም ነበር። ዛሬ ግን ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወይም ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በእጅ ስልኩ ክፍል ይይዛል። በ1996 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር እንደ ተመሠረተው እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉ ድርጅቶች የሆቴሉን ሥዕልና ዋጋ አሳይተው እንግዳውንና ባለሆቴሉን ያገናኛሉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጣት መንካት ብቻ የሚፈጸመው ይህ ጉዳይ እውነተኛ ውል መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። የአጋሮ ተወላጅ ሲሆን ኑሮው በአዲስ አበባ ነው። የእኅቱ ሠርግ በ2018 ዓ.ም. ጥር 17 ቀን እሑድ በጅማ እንዲሆን ስለ ተቆረጠ፣ ጥር 16 ቀን ቅዳሜ ለሚገቡት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሦስት ክፍል ለሁለት ሌሊት በስልኩ ያዘ። በስልኩ ላይ «ጃንዩወሪ» የሚለውን ወር ባየ ጊዜ «ይህ ጥር ነው» ብሎ 16 ቁጥርን ነካ። ወዳጄ ያልተገነዘበው ግን የፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 16 ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 8 ቀን መሆኑን ነው። በውሉም ላይ «ከመግቢያው ቀን 3 ቀን በፊት ያልተሰረዘ እንደ ሆነ ሙሉው ዋጋ ይከፈላል» የሚል ቃል ነበረበት፤ እርሱ ግን አላነበበውም።

ጥር 8 ቀን ሦስቱ ክፍሎች ተነጥፈው እንግዳ ሲጠብቁ ዋሉ፤ አደሩም። ጥምቀት በቀረበበት በዚያ ሰሞን ሌላ መንገደኛ «ክፍል ተይዟል» ተብሎ ሳይመለስ አልቀረም። ወዳጄ ነገሩን ያወቀው ከክፍያ ካርዱ ላይ ገንዘቡ ከተነሣ በኋላ ነው። «ተዘረፍሁ!» ብሎ ጮኸ። ለእውነተኛው ቀን ክፍል ቢጠይቅም ሁሉም ተይዞ ነበር። ሽማግሌዎቹም በዘመድ ቤት ተከፋፍለው እንደ ጥንቱ የመሸባቸው እንግዶች ሆነው አደሩ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ባለሆቴሉ የገባውን ቃል ጠብቋል፤ ክፍሉን ለሌላ አላከራየም። ወዳጄም አታላይ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ባልተነበበው ቃልና ባልተመረመረው ቀን ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ክፍል ከመያዝህ በፊት ሦስት ነገሮችን መርምር።

አንደኛው ቀኑ ነው። ጥር በአብዛኛው ዓመት የሚብተው በጃንዩወሪ 9 ቀን ነው እንጂ በ1 አይደለም። የወሩን ስም ብቻ ይዞ ቁጥሩን መንካት የስምንት ቀን ስሕተት ያመጣል። የሳምንቱን ቀን ስም ማመሳከር ቀላሉ መድኃኒት ነው፤ ሠርጉ እሑድ ከሆነ በስልኩ ላይ ያለውም ቀን እሑድ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። «እስከ 12፡00 ድረስ ያለ ክፍያ መሰረዝ ይቻላል» የሚል ቃል ብታነብ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር የቀኑ 6 ሰዓት ነው እንጂ የምሽቱ 12 ሰዓት አይደለም። 18፡00 ሲል ነው የምሽቱ 12 ሰዓት የሚሆነው። ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ሆቴሉ ባለበት አገር ስለ ሆነ፣ በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን በዚያ አገር የብርድ ወራት ከጅማ 8 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን አይርሳ።

ሦስተኛው የዋጋው ዐይነት ነው። አንዱ ዋጋ ረከስ ይላል፤ ነገር ግን ብትሰርዘው ገንዘቡ አይመለስም። ሌላው ወደድ ይላል፤ ነገር ግን እስከ ተወሰነው ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል። ጉዞው የተረጋገጠለት ሰው ርካሹን ቢመርጥ መልካም ነው። በቡና ለቀማ ወራት ለግዢ የሚወጣ ነጋዴ ግን የቡናው መድረስና የገበያው ዋጋ ጉዞውን ሊለውጡበት ስለሚችሉ፣ ወደድ የሚለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ጥቂት ጨምሮ የከፈለው ገንዘብ ሐሳቡን የመለወጥ መብት የገዛበት ነው።

የምትሰርዝም እንደ ሆነ፣ ክፍሉን በያዝህበት በዚያው መንገድ ሰርዝ፤ የመሰረዙን ማረጋገጫ ጽሑፍም ሳትቀበል አትተው። ለባለሆቴሉ በስልክ መንገር ብቻ ማስረጃ አይሆንም። አውሮፕላን ቢዘገይብህና አምሽተህ የምትገባ ብትሆን ግን ወዲያው ደውለህ አስታውቅ፤ አለዚያ «ሳይመጣ የቀረ እንግዳ» ተብለህ ልትቈጠር ትችላለህ።

በትንንሾቹ የቡና ከተሞች በኢንተርኔት የማይገኙ ሆቴሎች አሉ። በእነዚህ ዘንድ ክፍል የሚያዘው በስልክ ነው፤ ቀብዱም በቴሌብር ይላካል። ቀብድ ደግሞ ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው የሰጠውን እንዲያጣ፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ ዕጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይደነግጋል። እንግዲህ በስልክ ላይ የምናነበው የመሰረዝ ደንብ የዚሁ የቀብድ ወንድም ነው። ቀብድ ከመላክህ በፊት «ብቀር ይመለስልኛልን? እስከ ስንት ቀንስ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ መልእክት አስልክ።

ለባለሆቴሎችም አንድ ቃል አለኝ። ደንባችሁን እንግዳው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ደንብ የሚከበረው ሲታወቅ ነው። ያላወቀውን ሰው ቀጥታችሁ ገንዘቡን ብታስቀሩ የአንድ ሌሊት ዋጋ ታገኛላችሁ፤ እንግዳውን ግን ለዘለቄታው ታጣላችሁ።

ወዳጄ ዛሬ ክፍል ሲይዝ አስቀድሞ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያውን ከስልኩ ጋር ያስተያያል፤ የመሰረዣውንም ቀን በወረቀት ጽፎ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይለጥፋል። እናንተም እርሱ የከፈለውን ሳትከፍሉ እርሱ የተማረውን እንድትማሩ በማለት ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።