የጥናት ጽሑፍ ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት



ጥናታችንን ለመጽሔት ስናዘጋጅ ኅዳጉንና የመሥመሩን ርቀት መጽሔቱ ባወጣው መመሪያ መሠረት ማስተካከል አያስቸግረንም። የሚያስቸግረን የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመካከላችን በዚሁ ምክንያት ጽሑፉ የተመለሰበት አለ።

በጃን አሞራ ወረዳ፣ በመካነ ብርሃን፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. የወለዱ እናቶችን መዝገብ አጠናን እንበል። 2010ን እንዳለ ብንተወው የውጭ አገር አንባቢ ጥናቱን ያረጀ አድርጎ ይገምተዋል። በጅምላ ስምንት ብንደምርበት ደግሞ ኅዳር 2010 በአውሮጳ አቆጣጠር 2018 ይሆናል፤ እውነቱ ግን 2017 ነው። በዚያ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከ23 ጀምሮ ስምንት ይደመራል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ወሩንም እንመልከት፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም በግልጽ እንጻፍ።

የስማችንም ነገር እንዲሁ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንሥቶ አንድ አጻጻፍ እንያዝ። አለዚያ የአንድ ሰው ሥራ የሁለት ሰው መስሎ ይቀራል።

ተራራ ወርዳ የመጣች እናት በመዝገብ የሰፈረችበት ቀን በእኛ ቸልተኝነት መዛባት የለበትም። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት አንዳችን ያንብብ፣ ሌላችን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር።