ወደ ቀስት የሚመለስ ትከሻ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ የታረመ)



የንግግሬን ርእስ ያየ አንድ ባልደረባዬ «በደጋው አገር ማን ቀስት ይዞ ያውቃል?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የደጋው ሰው መሣሪያ ጦርና ጋሻ፣ ጨዋታውም ጉግስ ነበር፤ ቀስት ከሰው እጅ ሳይለይ የኖረው በምዕራቡ ቆላ፣ ለምሳሌ በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ነው። ይሁንና ቋንቋችን ቀስትን አልረሳውም። በግእዝ «ነደፈ» ማለት በፍላጻ መታ ማለት ነው። በአማርኛ ንብ ትነድፋለች፤ እናቶቻችንም ጥጥ ይነድፋሉ። ጥጡ የሚነደፍበት ደጋን ጅማት የተወጠረበት ቀስት እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ስለዚህ እንግዳ ነገር ይዤ አልቀረብሁም ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ።

የመጣሁበት ጉዳይ ግን ትከሻ ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት፣ ከበሬ ደጃፍ ጭቃ አንሸራትቶኝ በተዘረጋ ቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ከትከሻ መገጣጠሚያ በላይ የሚያልፈውና ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ጡንቻ ጅማቱ በከፊል ተቀደደ። የአካል ማገገሚያ ሕክምና አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለብዙ ተማሪዎች ተናግሬአለሁ። በሁለተኛው ወር ሕመሙ ቀለል ሲልልኝ ያን ሁሉ ትምህርት ትቼ ቀስቴን አነሣሁና ሱሉልታ ወደሚገኘው የዘመዴ መስክ ሄድሁ። ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ 18 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ሁለት ፍላጻ ወረወርሁ። በሦስተኛው ክንዴ ከመንገድ ላይ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሌሊት በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልሁም።

ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበረ ላስረዳ፤ ተማሪዎች ይህን ክፍል ብትጽፉት አይከፋም።

የልምድ ቀስት፣ ማለትም መዘውር የሌለው ቀስት፣ አንድ ጠባይ አለው፤ በተሳበ ቍጥር እየከበደ ይሄዳል። ዘመናዊው ባለ መዘውር ቀስት ጫፉ ላይ ሲደርስ ሸክሙን በእጅጉ ያቀልልናል፤ የልምዱ ቀስት ግን እጅግ የሚከብደው ተኳሹ ጸጥ ብሎ በሚያነጣጥርበት በዚያች ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ትከሻዎች የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። ቀስቱን የያዘው ክንድ ተዘርግቶ ይገፋል፤ ጅማቱን የያዘው ክንድ ይስባል። ጀማሪም ሆነ የተጎዳ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው በአንድ መንገድ ነው፤ ሲከብደው ትከሻውን ወደ ጆሮው ያነሣል። ትከሻ ሲነሣ በክንድ አጥንት ራስና ከላዩ ባለው የአጥንት ጣሪያ መካከል ያለው ጠባብ ስፍራ ይብስ ይጠብባል። የታመመው ጅማት የሚያልፈው በዚያው ስፍራ ነውና ይፈጫል።

በደንብ የተሳበ ቀስት በክንድ አይሳብም። የሚስበው ጀርባ ነው፤ የትከሻ ሰሌዳው ወደ አከርካሪው ሲቀርብ ክርኑ ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሮምቦይድና የትራፔዚየስ መካከለኛና ታችኛ ክፍል የተባሉት ጡንቻዎች የሚደክሙት ያን ጊዜ ነው። ትንንሾቹ አራት የትከሻ ጡንቻዎች፣ በአንድነት ሮቴተር ከፍ የምንላቸው፣ ሥራቸው የክንዱን አጥንት በጕድጓዱ መካከል ማቆየት እንጂ ሸክም መጎተት አይደለም። እኔ የተቀደደውን ጠባቂ አጋሰስ አደረግሁት።

መመለሻው መንገድ አሰልቺ ነው። የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀድጄ በር መዝጊያ ላይ አሰርሁ፤ ክርኔን ከጎኔ ሳላርቅ ወደ ውጭ መሳብ፣ ከዚያም የትከሻ ሰሌዳዎቼን ወደ ኋላ ማቅረብ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለወራት። በአምስተኛው ወር 9 ኪሎ የሚስብ ቀስት ተውሼ በሰባት እርምጃ ርቀት ከጭድ እስር ፊት ቆምሁ። ሱሉልታ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከበው እያዩኝ ነበርና አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የልጅ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሽማግሌ ለማለት ገና የምቀረውን ሰው ከጅማት ሕመም ይልቅ ያ ቃል እንዴት እንደሚያም አልነግራችሁም። ሆኖም የተጎዱ ቀስተኞች የሚሰናከሉት በብዛት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትከሻው ቀላሉን ቀስት ይፈልጋል፣ ሰውየው ግን የቀድሞውን ክብደት።

አሁን ወደ አንድ ታላቅ ሰው ልለፍ። አበበ ቢቂላን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ሯጭነቱን እንጂ ቀስተኛነቱን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሸኖ አጠገብ፣ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ የክንዶቹ ኃይል ተመለሰ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በሆስፒታሉ ስምንት ወራት ያህል ቆየ።

ያ ሆስፒታል የአጋጣሚ ስፍራ አልነበረም። ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ቅጥር 16 በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎችን በቀስት አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ግንዱ ይህ ነው። ቀስትን የመረጠው ለጨዋታው ማማር ብቻ ሳይሆን ክንድን፣ ትከሻንና የላይኛውን ወገብ ስለሚያጠነክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ በባዶ እግሩ ሮምን ካስገረመ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተከፈተ። በዚያ ውድድር ለብሪታንያ የመጀመሪያውን ወርቅ በቀስት ያገኘችው ማርጋሬት ሞን፣ በዛሬዪቱ ማላዊ በመኪና አደጋ ተጎድታ በስቶክ ማንደቪል የታከመች ናት። አበበ ሮምን በድል ለቅቆ ሲወጣ የኋላ ዕጣው እየገባ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ማለት ግን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለምና ልተወው።

በ1962 ዓ.ም. ለቀስት ውድድር ልምምድ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር የተጋበዘው በእንግድነት ነበር፤ እርሱ ግን እዚያም ቀስት ሳበ፣ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ውድድርም አንደኛ ወጣ። በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ስለዚህ ሰው ስንናገር ድል እንቈጥራለን። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። አበበ አንገቱ ተጎድቶ፣ ክንዶቹ አንድ ጊዜ ከድተውት የተመለሱለት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩን የሚገፋው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሸጋገረው፣ ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው በትከሻው ነው። ትከሻው እግሩ ሆነ። እግር ለመሸከም የተሠራ ነው፤ ትከሻ ለመዘርጋት። ተሽከርካሪ ወንበር ለዓመታት የሚገፋ ሰው ትከሻውን መታመሙ የተለመደ ነው፤ መግፋት የፊት ጡንቻዎችን ሲያፈረጥም የኋላዎቹ ይዝላሉና። ቀስት ደግሞ የሚያሠራው የኋላዎቹን ነው። የጉትማን ምርጫ ትርጕም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን በቀላል ቀስት፣ ከመቀመጫ ተደግፎ፣ በመጠን።

ይህን የምናገረው ሰበታ ውስጥ ስለማውቀው አንድ ወጣት ነው። ከሕንፃ ሥራ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ በወንበር መሄድ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ነው። እናንተና እኔ በኮብልስቶን ላይ ስንራመድ የጫማችን ነገር ያሳስበን ይሆናል፤ እርሱ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በትከሻው ይቀበላል። መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ማንሣት አቅቶት ነው። «እግሬን ለመድሁት፣ እጄን ግን አልለምደውም» አለኝ።

እንዲያርፍ መምከር ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ማን ወንበሩን ይግፋለት? እናቱ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ስለዚህ ማረፍ የማይችል ትከሻን ማሳረፊያው ዘዴ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሆነብኝ። ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገሪያ ሳንቃ በአንድ አናጢ አሠራን። የወንበሩን ጎማ ነፋን፤ በየሳምንቱም እንዲነፋ ታናሽ ወንድሙን አደራ አልን፤ የላላ ጎማ የመግፋቱን ሸክም ሳይታወቅ ይጨምራልና። ከዚያም ያንኑ የላስቲክ ልምምድ ጀመርን፤ በር መዝጊያው ላይ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ሳይነሣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ቀስቴ ሰምቶ አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ያ ልጆች የሳቁበትን ቀስት ይዤለት ሄድሁ። በመጀመሪያው ቀን ፍላጻ አልሰጠሁትም፤ በባዶው ትንሽ እየሳበ፣ ጅማቱን ሳይለቅ ቀስ አድርጎ እንዲመልስ ብቻ ነው ያደረግነው። የወንበሩን ፍሬን ማጥበቅ፣ ጀርባውን ማስደገፍ፣ የግራ ትከሻው ዝቅ ማለቱን በእጄ መዳሰስ፤ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። እናቱ በር ላይ ቆመው «ልጄን እንዳትጎዱብኝ፣ ዶክተር» አሉ። ዶክተር አይደለሁም፤ አላረምኋቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከግቢያቸው የጭድ እስር አቁመን በስድስት እርምጃ ርቀት ዐሥራ ሁለት ፍላጻ ወረወረ። አምስቱ እስሩን ስተው አጥሩ ላይ ተሰኩ። ማታ ስደውልለት ትከሻው እንደ ወትሮው እንጂ ከዚያ የባሰ እንዳላመመው ነገረኝ። ሁለት ቀን እንዲያርፍ፣ ከዚያም በስምንት ፍላጻ እንዲቀጥል ተስማማን። እርሱ ዐሥራ አምስት ጠይቆ ነበር።