ተወርዋሪ ኮከብና ፎቶግራፍ

ተወርዋሪ ኮከብ የሚባለው ኮከብ አይደለም፤ ወደ ምድር አየር በታላቅ ፍጥነት ገብቶ የሚነድ ድንጋይ ወይም ትቢያ ነው። ዓይን ሳይጠግበው ስለሚጠፋ፥ አንዱ በምሥራቅ አየሁት ሲል ሌላው በሰሜን ነው ይላል።

ይህን ክርክር የሚቈርጥ ፎቶግራፍ ነው። ካሜራ በማይነቃነቅ እግር ላይ ቆሞ መዝጊያው ለብዙ ጊዜ ሲከፈት፥ ምድር ስለምትዞር ከዋክብት እንደ ቀስት የጐበጠ መሥመር ይሥላሉ፤ ተወርዋሪው ግን ቀጥ ያለ መሥመር ይተዋል። የመጀመሪያው ሥዕል እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ተነሣ።

ነገር ግን በአንድ ምስክር ፍርድ አይጸናም። በዚያው በቦሔሚያ ምድር፥ በ1959 ዓ.ም. ኤፕሪል 7 ቀን፥ በፕርዢብራም አጠገብ የወረደውን እሳት በተለያየ ሥፍራ የቆሙ ካሜራዎች አነሡት። በፊታቸው የሚዞር ክንፍ መሥመሩን በልክ እየቈራረጠ ፍጥነቱን አስታወቀ። ሊቁ ዝደኔክ ጸፕለኻ ሥዕሎቹን አስተያይቶ መንገዱን ቢያሰላ፥ ድንጋዩ ከማርስና ከጁፒተር መካከል እንደ መጣ ታወቀ፤ አራት ስብርባሪም ከምድር ተለቀመ። ከሰማይ ወርዶ የተገኘ፥ መንገዱም በፎቶግራፍ የታወቀ የመጀመሪያው ድንጋይ ይህ ነው።

ስለዚህ ካሜራ በሌለበትም መምህር፥ ተማሮቹ ያዩትን ሰዓትና አቅጣጫ ወዲያው እንዲጽፉ ያስተምር፤ ከሌላው መንደር ጽሕፈት ጋራ ሲተያይ እውነቱ ይገለጣልና።