ሊጥ መቁረጫው ይገዛ፣ ማድቦልቦሉ ግን በእጃችን ይቆይ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከዳቦ ክፍል አባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



የዳቦ ክፍላችን የሊጥ መቁረጫ እንዲገዛለት ጠይቋል። በመግዛቱ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በዓይነቱ ነው። ገሚሶቻችሁ «ከገዛን አይቀር ቆርጦም አድቦልቡሎም የሚያወጣውን ባለ ሞተር እንግዛ» ትላላችሁ። እኔ የምደግፈው በእጅ የሚጫነውን ነው።

በዓይን ግምት የተቆረጠ ሊጥ እኩል አይወጣም። ዳቦ ምድጃ ውስጥ ውኃው ስለሚተን ከክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህል ያጣል። ስለዚህ 100 ግራም ዳቦ ለማውጣት 115 ግራም ያህል ሊጥ መቁረጥ አለብን። በእያንዳንዱ ላይ 5 ግራም ብናበዛ ከሺህ ዳቦ 5 ኪሎ ሊጥ ይባክናል፤ ይኸውም 43 ዳቦ ይወጣው ነበር። ብናሳንስ ደግሞ የገበያ ሴት እጇ ሚዛን ነው፤ ወዲያው ታውቃለች።

በእጅ የሚጫነው ክብ ሳህን አለው። 3 ኪሎ ከ450 ግራም ሊጥ መዝነን፣ ዱቄት ነስንሰን እናስገባለን። እጀታውን ስንጫን ሊጡ በሳህኑ ላይ እኩል ይነጠፋል፤ ከዚያ ስለቶቹ 30 ቦታ ይከፍሉታል። መብራት አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

ባለ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይጠይቃል። ደግሞም ብዙዎቹ ሊጡን አይመዝኑም፤ ልኩ የታወቀ ጉድጓድ ሞልተው ይቆርጣሉ እንጂ። ሊጥ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ኩፍ ይላል። መጀመሪያ የተቆረጠውና መጨረሻ የተቆረጠው መጠናቸው አንድ ሆኖ የኋለኛው ይቀላል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን የሚቆጣጠሩት ሊጡን በሰዓትና በሙቀት ልክ እያንቀሳቀሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ዓይነቱ ሥራ በዚያ መንገድ ይሄዳል፤ የእኛ ቤት ግን ሌላ ነው። ስለቱ ቢሰበር መለዋወጫውን ጅማ ወይም አዲስ አበባ ስንፈልግ ስንት ቀን እንደሚያልፍ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሰው ነገር ነው። ሊጥ የሚያድቦለብሉት እናቶች አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው ናቸው፤ የሚከፈላቸውም በሠሩት ቁጥር ነው። ባለ ሞተሩ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው የእነሱን እንጀራ ነው። የእጁ ማሽን ግን የሚወስደው ግምቱን ብቻ ነው። ማድቦልቦሉ ይቀራል፤ ሊጡም ቶሎ ስለሚቆረጥላቸው በቀን የሚያድቦለብሉት ይበዛል።

አንዳንዶቻችሁ «ቆጮስ ይቆርጥልናል?» ብላችኋል። አይሆንም። የስንዴ ሊጥ የሚለጠጠው ግሉተን ስላለው ነው፤ ቆጮ ግሉተን የለውም። እንደ እናቶቻችን በእንሰት ቅጠል ጠፍጥፈን መጋገራችንን እንቀጥላለን።

ደጋፊዎቻችንን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ አንድ በእጅ የሚጫን ሊጥ መቁረጫና አንድ ጥሩ ሚዛን። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ሚዛኑ ይቅደም፤ ያለ ሚዛን መቁረጫው ግምታችንን 30 ቦታ ከመክፈል አያልፍም። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።