«እኔ» የሚለው ታንኳ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቡድሃ ትምህርት ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ ይመስላል። ይኹን እንጂ የቡድሃ ታሪክ ስሙን ለውጦ ወደ ግእዝ ከገባ አራት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ኾኖታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1553፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ተረጐሙት። ይዋስፍ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነው፤ አባቱ ሕመምና እርጅና እንዳይታዩት ዘግቶ ያሳድገዋል፤ ባያቸው ጊዜ ግን መንግሥቱን ትቶ ይመንናል። ስሙ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የህንድ ቃል በየቋንቋው እየተለወጠ መምጣቱን ሊቃውንት ደርሰውበታል። ተርጓሚው ራሳቸውም ከየመን መጥተው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ሰው ነበሩ። ስሙም ሃይማኖቱም ሲለወጥ፣ የማይለወጠው «እኔ» የቱ ነው?

ቡድሃ ሰውን በአምስት ከፍሎ መረመረው፤ ሥጋ፣ ስሜት፣ ነገርን መለየት፣ ፈቃድና ንቃት ናቸው። ኹሉም ተለዋዋጭ ኾነው ስላገኛቸው «ቋሚው እኔ ይህ ነው» አላለም። መነኵሴው ናጋሴና ይህንኑ ለንጉሥ ሚሊንዳ በጋሪ መስሎ አስረዳው፤ መንኰራኵሩ ብቻውን ጋሪ አይደለም፤ ዘንጉም ብቻውን ጋሪ አይደለም፤ ሲገጣጠሙ ግን ጋሪ ይባላሉ። ይህ ያለንበት ንፋስ ስልክም ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው ከጥንቱ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። መንገዱም ቤቱም ሰዉም ተለውጧል፤ በስሙ ግን ዛሬም እንግባባለን።

«እንግዲያው እኔ ከሌለ ነጻ የሚወጣው ማን ነው?» የሚል አይጠፋም። የቡድሃ ደቀ መዝሙር አናንዳ ለአንዲት መነኵሲት ሲያስተምር፣ ሰው የባልንጀራውን ነጻ መውጣት ሰምቶ «እኔስ መቼ ይኾን?» ይላል አላት። ይህ አሳብ ራሱ እኔነት ነው፤ ነገር ግን ሰውየውን ከተኛበት ያስነሣዋል፤ በመጨረሻም በእኔነት ተደግፎ እኔነትን ይተዋል። ቡድሃ ትምህርቱን እንኳ በመሻገሪያ ታንኳ መስሎታል። ጣናን በታንኳ የተሻገረ ሰው ታንኳውን ተሸክሞ ወደ ገበያ አይወጣም።

የእኛም መነኵሴ ሲመነኵስ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ የቀድሞ ስሙንም ይተዋል። ልዩነቱን ግን መሸሸግ አይገባም፤ ክርስትናም እስልምናም ነፍስ ሕያው ናት ይላሉ፤ ቡድሃ ግን ቋሚ ነፍስን አይቀበልም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ ዘመን ስለ ማንነት ብዙ ተብሏል፤ ደምም ፈሶበታል። ማንነት ይቅር አልልም፤ ያለ ስም፣ ያለ ቋንቋ፣ ያለ ወገን ጉዞ የሚጀምር ሰው የለም። ነገር ግን ታንኳው ሊያሻግረን እንጂ ቀዘፋውን ይዘን ልንፈናከትበት አልተሠራም። የተለየ አሳብ ያለው ሰው በውይይቱ ጊዜ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።